አባትና ልጅ በገጠር መንገድ
በኤሌክትሪክ ብስክሌት በሑላ ሸለቆ



በእነዚህ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ ግን ስለ መንገድ እንጨዋወት። አውቶብስና የጭነት መኪና የሚጋፉበትን ዋና መንገድ ማለታችን አይደለም፤ በእርሻ መካከል አልፎ የሚሄደውን፣ ትራክተርና ወፍ ካልሆነ በቀር ብዙም የማያልፍበትን የገጠር መንገድ ነው። ይህን መንገድ ለማየት ደግሞ በዚህ ዘመን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት በዕብራይስጥ “ኦፋናይም ሐሽማሊዪም” የተባለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው።

“ብስክሌት ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? እሱ የልጆች ጨዋታ፣ የወላጆች ራስ ምታት ነው” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ሐሳቤን የለወጠው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያየሁት ነገር ስለሆነ፣ እሱን ላጫውታችሁ።

በሽምግልና የተጀመረ ጉዳይ

የአጎቴ ልጅ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በ2022 ነው ከጎንደር የመጣው። የተወለደው ደምቢያ ነው። እስራኤል እስኪገባ ድረስ በጎንደር ከተማ ብዙ ዓመት ተራውን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ከዚያ በፊት ግን ገበሬ ነበር። አሁን በሰሜን በሚገኝ አንድ መርከዝ ቅሊጣ ይኖራሉ። ወንዱ ልጅ 17 ዓመቱ፣ ሴቷ 11 ዓመቷ ነው።

እንደ ብዙዎቻችን ቤት ሁሉ በእነሱም ቤት ዕብራይስጡን ቀድሞ የያዘው ልጁ ነው። ባንክ ሲሄዱ የሚናገረው እሱ፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው እሱ፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ነው። አባቱ አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ወንድሜ፣ እዚህ አገር ልጄ አባቴ ሆነ” አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝና ዝም አልኩ።

ልጁ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይገዛልኝ ብሎ የተነሳው በዚያው ሰሞን ነው። አባትየው ደግሞ በሰፈሩ ሁለት ልጆች በአንድ ብስክሌት ተፈናጥጠው በእግረኛ መንገድ ሲበሩ አንዲት አሮጊት ገጭተው፣ እሷም እነሱም ተጎድተው ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ በዓይኑ አይቷል። “እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!” አለ። ልጁ አኮረፈ። ለሦስት ሳምንት ያህል አባትና ልጅ በአንድ ቤት እያደሩ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አይነጋገሩም ነበር። በመጨረሻ እናትየው ደወለችልኝ። “አንተ ታላቃቸው ነህ፤ ና አስታርቃቸው” አለችኝ።

ሕጉ ምን ይላል?

ሽማግሌ ሆኖ ለመቀመጥ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሕጉ ጠየቅኩ። ወላጆች ሁሉ እንድታውቁት ያገኘሁትን በአጭሩ እነሆ።

አንደኛ፣ ዕድሜው 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መንዳት አይፈቀድለትም። “የጓደኛዬ ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው” ማለት አያድንም።

ሁለተኛ፣ የመኪና ወይም የሌላ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ “ቴኦሪያ” የሚባለውን የጽሑፍ ፈተና አልፎ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚሰጠውን ፈቃድ መያዝ አለበት። ይህ ለልጆች ብቻ ሳይሆን ለአዋቂዎችም ነው።

ሦስተኛ፣ የራስ መከላከያ ቆብ፣ ማለትም “ካስዳ”፣ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነጂ ግዴታ ነው። ማሰሪያው አገጭ ሥር መታሰር አለበት። በእጅ አንጠልጥሎ መሄድ ቆብ ማድረግ አይደለም።

አራተኛ፣ በእግረኛ መንገድ፣ “ሚድራኻ” በሚባለው ላይ፣ መንዳት ክልክል ነው። የብስክሌት መስመር ካለ በእሱ፣ ከሌለ ደግሞ በመኪናው መንገድ ቀኝ ጠርዝ ይነዳል።

አምስተኛ፣ የሞተሩ ጉልበት ከ250 ዋት፣ በሞተር የሚሄድበት ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። አንዳንድ ልጆች ብስክሌቱን ነካክተው ከዚህ የበለጠ እንዲሮጥ ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ብስክሌት ከፖሊስ እጅ ከገባ ሊወረስ ይችላል፤ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ጣጣው የቤተሰቡ ነው። ያገለገለ ብስክሌት የምትገዙ ሰዎች በዚህ በኩል በጣም ተጠንቀቁ።

ስድስተኛ፣ እየነዱ ስልክ መያዝ ክልክል ነው። ጓደኛን ከኋላ ማፈናጠጥም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ በአባትና በልጁ ፊት አነበብኩ። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ እንዲህ አለ፦ “እንግዲያው ልጄ ፈተናውን ይፈተን። እኔም አብሬው እፈተናለሁ። እኔ የማላውቀውን ነገር ልጄ እንዲያደርግ አልፈቅድም።”

ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ ግን አባቱ የምሩን እንደሆነ ሲያይ ሳቁን ተወ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የመንገድ ምልክቶችን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አብረው ይቀመጡ ጀመር። ልጁ የዕብራይስጡን ቃል ይናገራል፣ አባቱ ይደግማል። ልጁ በመጀመሪያው ፈተና አለፈ። አባቱ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሦስተኛው አለፈ። እናትየው ዳቦ ጋግራ፣ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች።

ብስክሌቱ እንዴት ይሠራል?

የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ሞተር ሳይክል ዝም ብለው ተቀምጠውበት የሚሄዱበት አይደለም። ነጂው ፔዳሉን ሲመታ ሞተሩ ያግዘዋል፤ እግሩን ሲያቆም ሞተሩም እገዛውን ያቆማል። አንድ ሰው ከባድ ሸክም ሲያነሳ ሌላው ከወዲያ በኩል እንደሚያግዘው ማለት ነው። ስለዚህ ጉልበቱን ለሚያመው፣ ወገቡ ለደከመ፣ ዳገት ለሚከብደው ሰው ትልቅ ረዳት ነው። የአጎቴ ልጅ ጉልበቱን ስለሚያመው ረጅም መንገድ በእግሩ መሄድ ካቆመ ቆይቷል።

ባትሪው አንዴ ተሞልቶ ምን ያህል እንደሚያስኬድ የሚወሰነው በባትሪው ትልቅነት፣ በነጂው ክብደት፣ በዳገቱና በነፋሱ ነው። ስለዚህ ሲሄዱ ግማሹን ጨርሶ ከመመለስ፣ ገና ግማሽ ሳይደርስ መመለስ ይሻላል፤ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ባትሪው ቶሎ ያልቃልና። ባትሪው ካለቀም በእግር እየመቱ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ብስክሌቱ ከባድ ስለሆነ ያደክማል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ የእነዚህ ብስክሌቶች ባትሪ ሲበላሽ ወይም በማይስማማ ቻርጀር ሲሞላ በእሳት ሊያያዝ ይችላል፤ እሳቱም በጣም ፈጣን ነው። ከብስክሌቱ ጋር በመጣው ቻርጀር ብቻ ሙሉ። ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ አትሙሉ። በመውጫ በር አጠገብ አታስቀምጡ፤ እሳት ቢነሳ መውጫችሁን ይዘጋባችኋልና። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም ውሃ የገባበትን ባትሪ አትጠቀሙ።

ወደ ሑላ ሸለቆ

ብስክሌት ከመግዛታችን በፊት አንድ ቀን ተከራይተን እንሞክር ተባባልን። የሐኑካ ዕረፍት ሆኖ ልጆች ትምህርት ስላልነበራቸው፣ በሥራ ቀን፣ ማለዳ ተነስተን ወደ ላይኛው ገሊል ሄድን።

የሑላ ሸለቆ ከሮሽ ፒና በስተ ሰሜን፣ ወደ ቅርያት ሽሞና በሚወስደው በ90 ቁጥር መንገድ ምሥራቅ በኩል የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ነው። በምዕራብ የነፍታሊ ተራሮች፣ በምሥራቅ የጎላን ከፍታ፣ በሰሜን ደግሞ የሔርሞን ተራራ ከበውታል። የዮርዳኖስ ወንዝ በመካከሉ ያልፋል። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ለጀማሪ ምቹ ነው። ዋናው የ90 ቁጥር መንገድ ግን መኪና የሚበርበት ስለሆነ በብስክሌት የሚገባበት አይደለም፤ ብስክሌቶቹን የተከራየነው እዚያው ሸለቆው ውስጥ ነው።

እናትየውና ትንሿ ልጅ “አጋሞን ሑላ” ወደሚባለው ስፍራ ሄዱ። ይህ በቀረን ቀየመት ለእስራኤል የሚተዳደር ሰው ሠራሽ ትንሽ ሐይቅ ሲሆን፣ ዙሪያውን 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የግል መኪና የማይገባበት መንገድ አለው። ትንሿ ልጅ 16 ዓመት ስላልሞላት ሞተር ያለው ብስክሌት አይፈቀድላትም። ስለዚህ ከእናቷ ጋር በእግር የሚመታ ባለ አራት ጎማ የቤተሰብ ብስክሌት ያዙ። እኔ፣ አባትና ልጁ ደግሞ በኤሌክትሪክ ብስክሌት በእርሻዎቹ መካከል ዞረን ከእነሱ ጋር ልንገናኝ ተቀጣጠርን።

የአጎቴ ልጅ በወጣትነቱ ጎንደር ከተማ በሰዓት እየተከራየ ብስክሌት ነድቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ነክቶት አያውቅም። ልጁ ፊት ፊት እየሄደ፣ “አባዬ፣ ቀስ በል! ፍሬኑን በሁለቱም እጅ ያዝ!” እያለ ያስተምረዋል። አባትየው መሪውን ጭምድድ አድርጎ ይዞ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በጭንቀት ሄደ። ሞተሩ ማገዝ ሲጀምር ደነገጠ፤ ቀጥሎ ፈገግ አለ። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” እያለ በራሱ ፍጥነት ተከተለን።

መሬቱ ሲናገር

ጥቂት እንደሄድን ትራክተር ከፊታችን መጣ። ወደ ዳር ወጥተን አሳለፍነው። ያኔ አባትየው ብስክሌቱን አቆመና ጎንበስ ብሎ ከታረሰው ማሳ ጠርዝ አፈር ዘገነ። በጣቶቹ ፈተገው፣ አሸተተው።

“ሲያዩት የኛን መረሬ ይመስላል” አለ። “ሲይዙት ግን ቀላል ነው። ይህ አፈር የበሰበሰ ሣር ነው። እዚህ ቦታ ድሮ ውሃ ተኝቶበት ነበር።”

ልጁ አባቱን አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “እውነት ነው?” አለኝ። እውነት ነው። ይህ ሸለቆ ሐይቅና ረግረግ የነበረ ነው። ለእርሻ የሚሆን መሬት ለማግኘትና ወባን ለማጥፋት ከ1951 እስከ 1958 ድረስ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ተንጣፈፈ። በኋላ ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። ከበሰበሰ ተክል የተሠራው አፈር ሲደርቅ ከሥሩ እየጨሰ ይቃጠል፣ መሬቱም እየሰመጠ ይሄድ ጀመር። በመጨረሻ የተወሰነው መሬት በ1994 እንደገና ውሃ እንዲተኛበት ተደረገ። አጋሞን የሚባለው ይህ ነው።

ይህን ስነግራቸው አባትየው ራሱን ነቀነቀ። “ውሃን ከቤቱ ካስወጣኸው ተመልሶ ሳይጠይቅህ አይቀርም” አለ። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ግን እሱም ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዘገነ። እንዴት እንደሚፈተግ አባቱ አሳየው።

ከዚያ የወፎቹን ድምፅ ሰማን። መለከት የሚነፋ ይመስላል። ቀና ስንል ግራጫ፣ አንገተ ረጅም፣ እግረ ረጅም ወፎች ተሰልፈው ያልፋሉ። በዕብራይስጥ “አጉር” ይባላሉ። በየዓመቱ በመጸውና በጸደይ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ ይባላል፤ ከእነሱ መካከል እነዚህ አጉሮች በአሥር ሺህ እየሆኑ ክረምቱን በሑላ ያሳልፋሉ። የሚመጡት ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ነው። ሌሎቹ ግን እዚህ አርፈው ጉዟቸውን ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ፤ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ድረስ የሚደርሱም አሉ።

አባትየው ግን ይህን ከእኔ መስማት አላስፈለገውም። “እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ!” አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ደምቢያ ሽምብራው ማሳ ላይ ይወርዱብን ነበር። እኔ እንዳንተ ልጅ ሳለሁ፣ ከአንተም አንሼ፣ ሥራዬ ወፍ መጠበቅ ነበር። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ሳባርር እውላለሁ። አንድ ቀን ብተኛ የዓመት ቀለባችን ሄደ ማለት ነው።”

“ወንጭፍ ምንድን ነው?” አለ ልጁ።

አባትየው የቆቡን ማሰሪያ ፈትቶ በእጁ እያዞረ አሳየው። ልጁ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ። ንጉሥ ዳዊት ጎልያድን የጣለበት መሆኑን አባቱ ሲነግረው ግን ልጁ፣ “እሱን በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ አባቴ ይችልበታል ብዬ ግን አላሰብኩም” አለ።

የዚህ አገር ገበሬዎችም ከወፎቹ ጋር ጠብ ነበራቸው። አጉሮቹ የኦቾሎኒውን ማሳ ሲጎዱባቸው ዝም ብለው ከማባረር ሌላ ዘዴ ፈጠሩ፤ ለወፎቹ በተለየ ማሳ ላይ በቆሎ በትራክተር ይበተንላቸዋል፣ ሌላውን ማሳ ይተዋሉ። አባትየው ይህን ሲሰማ በጣም ተገረመ። “እኛ ለራሳችን ሳይተርፈን ለወፍ ከየት እናመጣ ነበር?” አለና ጥቂት ቆይቶ፣ “ቢሆንም ብልሃት ነው” ብሎ ጨመረ።

ከሐይቁ ዳር ስንደርስ እናትየውና ትንሿ ልጅ እየጠበቁን ነበር። ድፎ ዳቦና ሻይ አቀረቡ። እናትየው የሚያልፉትን ወፎች እያየች፣ በአገር ቤት ልጆች ሳሉ ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም እየዘፈኑ ይጠይቁት እንደነበር ለልጇ ነገረቻት። ሽመላም እንደ አጉሩ በዚህ አገር ላይ አልፎ ወደ አፍሪካ የሚወርድ ነው። ትንሿ ልጅ፣ “እማዬ፣ አሁንስ ስለ ምን እንጠይቀው?” አለች። እናቷ ቶሎ አልመለሰችም። ኋላ፣ “ስለ አያትሽ” አለቻት። አያቷ ገና ጎንደር ናት።

ለመሄድ ለምታስቡ

በዚያ ቀን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድን። ከተሞክሯችን የሚከተለውን እንመክራችኋለን።

ለመግዛት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ተከራይታችሁ ሞክሩ። ወደ አጋሞንም ሆነ ወደ ሌላ ስፍራ ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ደውላችሁ የመግቢያ ሰዓትና ዋጋ፣ እንዲሁም የራስን ብስክሌት ስለማስገባት ጠይቁ፤ ደንቡ እንደ ወቅቱ ይለያያልና። በሰሜኑ በ2023 በተነሳው ጦርነት የአካባቢው ብዙ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጥተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ስለዚህ “ፒኩድ ሀዖረፍ” የሚሰጠውን መመሪያ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

በእርሻ ውስጥ ከሚገኝ ቧንቧ ውሃ አትጠጡ። በተለይ ሐምራዊ ቀለም ያለው ቧንቧ የተጣራ የፍሳሽ ውሃ ለመስኖ የሚወስድ ነው፤ ለሰው አይሆንም። ውሃችሁን ከቤት ያዙ።

የሰው ማሳ ውስጥ አትግቡ፤ ፍሬ አትልቀሙ። ተዘግቶ ያገኛችሁትን በር ካለፋችሁ በኋላ መልሳችሁ ዝጉ። ወደ ጎላን የምትወጡ ከሆነ፣ በአጥር ላይ “ሞክሺም” የሚል ቢጫ ምልክት ካያችሁ ቦታው ፈንጂ የተቀበረበት ነውና አንድ እርምጃ እንኳ አትግቡ።

የታመመ ወይም የሞተ ወፍ አትንኩ። በ2021 መጨረሻ በሑላ በወፍ ጉንፋን በሺህ የሚቆጠሩ አጉሮች ሞተው ነበር።

በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሳይመሽ ተመለሱ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ የአፈሩ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ጎማ ያንሸራትታል። ሰንበትን የምታከብሩ ቤተሰቦች ደግሞ ዓርብ ጠዋትን ወይም የትምህርት ዕረፍት ቀኖችን ምረጡ። አደጋ ቢደርስ አምቡላንስ በ101፣ ፖሊስ በ100፣ እሳት አደጋ በ102 ይጠራል።

መመለሻችን

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ። በመንገዱ ሁሉ ይጠይቀው ነበር፤ ማማው ከምን ይሠራ እንደነበር፣ በሬ እንዴት እንደሚጠመድ፣ ማሽላ መቼ እንደሚዘራ። አባትየው ሲመልስ አልደከመውም። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ብስክሌቱን እስካሁን አልገዙም። ገንዘብ እያጠራቀሙ ነው፤ ልጁም ከትምህርት በኋላ እየሠራ የድርሻውን ያዋጣል። ሲገዙ አንድ ብቻ እንዲሆን ተስማምተዋል፤ በሳምንቱ የልጁ፣ ዓርብ ጠዋት የአባቱ ይሆናል። ባንክ ቤትም ሆነ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው አሁንም ልጁ ነው። ባለፈው ሳምንት ስደውልላቸው ግን ስልኩን ያነሳው ልጁ፣ “ቆይ፣ አባዬን ልጠይቀው” ሲል ሰማሁት።